አንዲት ቃል ሳልሰማ የመሰከርሁባት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከነፍስ አባቴ እንኳ ደብቄአለሁ፤ የመሰከርሁባትን ልጅ አባት ያውቋቸው ይሆናል ብዬ ጠረጠርሁ። እኔ ያልጠረጠርሁት ሰው የለም። አንተም አንባቢዬ፣ ገና ሳልጨርስ ትስቅብኝ ይሆናል።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ደብረ ብርሃን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርሁ። ሰዋስውን አሳምሬ አውቃለሁ። ጥቁር ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር እሞላለሁ፣ ተማሪው ገልብጦ ይሸመድዳል። መናገር ግን አልችልም፤ ሰው ሲናገርም አልሰማም። ማን ያውቅብኛል? ከእኔ በቀር በክፍሉ ውስጥ አፉን የሚከፍት አልነበረም።

ኋላ አንዲት ወጣት ፈረንጅ መምህርት መጣች። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆቹን ሁለት ሁለት እያደረገች፣ አንዱን በሽተኛ አንዱን አስታማሚ፣ አንዱን እንግዳ አንዱን ባለቤት እያለች በእንግሊዝኛ ብቻ ታነጋግራቸው ጀመር። ቢሳሳቱም አታቋርጣቸውም። ይህ ምን ትምህርት ነው? ሌላው በማይሰማው ቋንቋ የሚያወራ ሰው ሊያማ ካልሆነ ምን ይሠራል? በመስኮቱ ሳልፍ ይስቃሉ። አንድ ቀን ስሜን የሰማሁ መሰለኝ።

ከሁሉ የምትቀድመው ጥሩወርቅ ነበረች፣ የጎረቤላ ቄስ ልጅ። አዲስ አበባ ነርስነት ለመማር በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የቃል ፈተና ይጠብቃታል፤ የምትለፋው ለዚያ ነበር። እኔ ግን እኔን ለማዋረድ የምትለፋ መሰለኝ።

ለዳይሬክተሩ ደብዳቤ ጻፍሁ። «ጥሩወርቅ በእንግሊዝኛ መንግሥትን ስትሳደብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልሁ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል ቤት ያፈርሳል። እኔ ጻፍሁ፣ እኔ ፈረምሁ። የሰማሁት አንዲት ቃል እንኳ አልነበረም።

ዳይሬክተሩ ሁለታችንንም ቢሯቸው አስጠሩን። ልጅቷ አላለቀሰችም።

«ጋሼ፣ ምን አልኩ? ያልኩትን እስቲ በእንግሊዝኛው ይንገሩኝ» አለችኝ።

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል። ዋሽቻለሁ ብል እንግሊዝኛ እንደማልሰማ ሊታወቅብኝ ነው። «ጸያፍ ነው፤ አልደግመውም» አልሁ። ዳይሬክተሩ አመኑኝ፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለሁ? እሷ ግን ዐይኔን አየችና እንደማልሰማ ገባት። ቢሆንም አላጋለጠችኝም።

ተባረረች። መምህርቷም ማነጋገሩን እንድትተው ታዘዘች። ጥሩወርቅ ለፈተናው ሳትቀርብ አገሯ ገብታ ተዳረች።

ከዓመታት በኋላ ጎረቤላ ገበያ ላይ ገብስ ስትሸጥ አገኘኋት። ከተቀመጠችበት ተነሥታ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አለችኝ። ይህንንም ጠረጠርሁ። እየዘለፈችኝ ይሆን ብዬ ፊቷን መረመርሁ፤ ምንም አልነበረበትም። ያ ሰላምታ እስከ ዛሬ ያመኛል። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትሁና «ይመስገን» ብዬ አለፍሁ።

ልጅ ነበርሁ፣ ዘመኑ ክፉ ነበር ማለት እችላለሁ። አልልም። ያን ቀን ከእኔ የሚፈለገው «አልሰማሁም» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። እሷም በአማርኛ ነበረች፤ እችላት ነበር።