እንቅልፍ ያጣው ካርድ

ታናሽ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔ ግን ሳስበው የሚመጣብኝ ከጡረታ በኋላ ያለው ነው፤ በስድሳ ዓመቱ ኮምፒውተር ካልተማርኩ ብሎ ድርቅ ያለው። ሚስቱ "እግዜር ሌላ ቅጣት አጥቶ ነው?" ትል ነበር። ተማረውም።

አሠራሩ የራሱ ነበር። ማሽን ሲመጣለት መጀመሪያ የእጁን ጀርባ ያሳርፍበታል፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካ ሰው። ከዚያ በደብተሩ ይጽፋል። በቀን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀይረው። "እትዬ፣ ሁለት ነገር ከነካሁ የትኛው እንዳዳነው በምን አውቃለሁ?" ይለኛል።

አንድ ቀን ልጁ ላፕቶፗን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። ነርስነት ስትማር የመጨረሻዋ ዓመት ነበር። ፈተናው በየራሳቸው ላፕቶፕ ነው፣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አዳራሹ ውስጥ ሶኬት የለም። የእሷ ባትሪ ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያልፍም። መሐል ላይ ከጠፋባት ዓመት መጠበቅ ነው። የቀረው አሥራ አንድ ቀን ነበር።

እጁን አሳረፈና "ትኩሳት አለው" አለ።

ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ስክሪኑ ላይ ምስል የሚያወጣ ሁለት ካርድ አለ አለኝ። ትንሹ ለዕለት ሥራ ይበቃል። ትልቁ ለጨዋታና ለፊልም ነው፤ ሥራ ከሌለው መተኛት አለበት። እሱ ግን አይተኛም፣ ቁጭ ብሎ ባትሪውን ይጠጣል። የሚያስተኛው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ነው። ወንድሜ የጫነላት ኦፕን ሶርስ የሚሉትን ነው፤ በነጻ የሚገኝ፣ ውስጡን ማንም ገልጦ የሚያየው። "ተሸፋፍኖ የሚሠራ ነገር አላምንም" ይል ነበር።

ያኔ ሲጭንላት፣ ካርዱን ለመጠበቅ ብሎ ከስክሪኑ ጥግ ትንሽ ቁጥር አድርጎ ነበር። በየሁለት ሴኮንዱ የካርዱን ሙቀት ትነግረዋለች። አሁን ቁጥሯ ላይ ዓይኑን ተክሎ በየቀኑ አንድ ነገር ይቀይራል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። ሰባት ቀን አለቀ። ካርዱ እንደሞቀ ነው።

"አባዬ፣ ያልቀየርከው ምን ቀረ?" አለችው ልጁ።

"እኔ" አለ።

በስምንተኛው ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣች። ፍሪጇን ሠርቶላት ነበር።

"አልቀዘቀዘም" አለችው።

"ስንቴ ከፈትሽው?"

"ቀዝቅዞ እንደሆነ ለማየት ነዋ። በየሩብ ሰዓቱ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ የምታሞቂውማ አንቺ ነሽ! ዝጊና ተይው፣ እስከ..."

አልጨረሰውም። ሴትዮዋ የተቆጣት መስሏት "ኧረ እዘጋለሁ" ብላ ወጣች። እሱ ላፕቶፑን ስቦ ያቺን ቁጥር አጠፋት።

"እትዬ፣ ጉድ ሠርቻለሁ" አለኝ። "ካርዱ ለመተኛት አምስት ሴኮንድ ይበቃዋል። እኔ በየሁለት ሴኮንዱ 'ተኛህ ወይ?' እያልኩ ስቀሰቅሰው ነው የከረምኩት። አርባ ዓመት ሰው ስቆጣበት የኖርኩትን!"

"ታዲያ አሁን መተኛቱን በምን ታውቃለህ?"

"አላይማ። መተው ነው።"

ለእሱ መተው ከመጠገን ይከብዳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጓሮ ለጓሮ ሲዞር ቆየ። ተመልሶ እጁን ሲያሳርፍበት ቀዝቅዟል። ባትሪው በዚያ ቀን አራት ሰዓት ተኩል ሄደ። ያም ሆኖ አላመነም፤ በማግስቱም በሠልስቱም ደገመው።

የፈተናው ቀን ልጅቷ "እንዳትመጡ" ብላን ነበር። እኔና እሱ ሦስት ሰዓት ከበሩ ውጭ ቆምን፣ እግሬ አለቀ። አንዳንዱ ልጅ በመሐል ሲወጣ ባየ ቁጥር ክንዴን ይጨምቀኛል። በመጨረሻ ወጣች።

"ስንት ቀረ?" አላት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

"ጥያቄው ነው ባትሪው?"

"ጥያቄውማ ያንቺ ጉዳይ ነው።"

"ሠላሳ አራት ፐርሰንት።"

ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ፣ እዚያው ቆሞ ጻፈ። "እኔን የሚጠይቀኝ የለም?" ብላ ወደ እኔ ዞረች። ጠየቅኳት። ሁሉንም ሠርቼ ጨርሻለሁ አለችኝ። ከወር በኋላ ውጤቱ ሲመጣ አልፋለች።

እኔ ግን ዛሬም የሚታወሰኝ የዚያን ቀን መንገድ ነው። ላፕቶፑ ያለበትን ቦርሳ ተቀብሏት እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቀፈው። "አባዬ፣ ስጠኝ፣ ሰው ያያል" ስትለው፣ "ካየ ይይ" አለ። ቤት እስክንገባ አልሰጣትም።