ያልሰጠኋት ክኒን

ጌታሁን የሚባል የማደንዘዣ ባለሙያ በድሎኛል፤ ክልላችን ገና በተቋቋመበት ዘመን፣ በማንጎ ወቅት። ስሙን ያነሳሁት ዛሬ ጠዋት ድምፁን በሬዲዮ ስለሰማሁ ነው። «አንጎል በማሽን ሲነበብ ማደንዘዣ ከበዛ ማሽኑ ይታለላል፤ ያኔ እኛ የት እናውቅ!» ብሎ ሳቀ። ዘጋሁት።

ያውቅ ነበር።

ያኔ አሶሳ ጤና ጣቢያ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። የሰባት ዓመቷን እህቴን ዘይነባን የሚጥል በሽታ አሰቃያት። አዲስ አበባ የውጭ ሐኪሞች መጥተው የልጆች አንጎል ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ ተባለ። በሽታው የሚነሳበትን ቦታ ማሽኑ ካገኘው ቆርጠው ያወጡታል። ክኒኗ ግን ቀደም ብሎ መቆም አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ አያገኘውም።

መንገዱ ጭቃ ነበር። ከመንዲ ወዲያ አውቶቡስ ውስጥ አራት ጊዜ ጣላት። የጀመረችው ማንጎ ከእጇ ወድቆ ከሰው እግር ሥር ተንከባለለ።

«ስጫት እንጂ!» አለ አባቴ። «ወላሂ፣ አንቺ ድንጋይ ነሽ!»

ክኒኖቹን በሻሼ ጫፍ ቋጥሬ ያዝኩ እንጂ አልሰጠኋትም።

ከበርታኛ ሌላ ቋንቋ ስለማታውቅ፣ እንዳትፈራ ብለው እኔንም ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡኝ። ከተኛች በኋላም «ውጪ» ያለኝ አልነበረም። ዋናው ሐኪም ጌታሁንን «ማንበብ ስንጀምር ማደንዘዣ እንዳትጨምር» ሲለው ሰምቻለሁ። ራሷ ተከፈተ፤ ሽቦዎቹ አንጎሏ ላይ ተደረጉ፤ የማሽኑ ብዕሮች ወረቀቱ ላይ ይሮጡ ጀመር። ድንገት ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ጌታሁን ደንግጦ፣ ለማንም ሳይናገር፣ በደም ሥሯ አንድ ሙሉ መርፌ ማደንዘዣ ጨመረ። ወዲያው ብዕሮቹ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ማስመር ያዙ፤ በሽታው የሚነሳበት ቦታ አልታይ አለ። ጠበቅን። ጠበቅን።

ሐኪሙ ምን እንደሰጣት ጠየቀው። እሱ በአገጩ ወደ እኔ ጠቁሞ በእንግሊዝኛ «እህቷ አዝናላት ክኒኗን ሰጥታት ይሆናል» አለ።

«አልሰጠኋትም!» ብዬ ሻሼን ፈትቼ አሳየሁ።

«የኔ እህት፣» አለኝ ለስለስ ብሎ፣ «ማን ይፈርድብሻል? እህት አይደለሽ?»

ጀማሪ ነርስ ነበርኩና መርፌውን ለመናገር አልደፈርኩም። ምንም ሳይቆርጡ ራሷን ሰፏት።

በዚያው ክረምት ዘይነባን ወንዝ ዳር ጣላት። በፊቷ ተደፍታ አገኘናት፤ ውሃው ከጉልበት አይደርስም ነበር። አባቴ፣ አውቶቡሱ ውስጥ የሆነውን ያየው አባቴ እንኳ፣ እስኪሞት ድረስ «እኔ ስተኛ ሰጥተሻት ይሆናል» ይለኝ ነበር። ጨክኜ ነበር፤ ለእሷ ብዬ። ጌታሁን ያን ጭካኔዬን ነጥቆ አዛኝ አደረገኝ።

ከቀብሯ በኋላ ነጭ ልብሴን አጥቤ ለጤና ጣቢያው መለስኩ። ከዚያ ወዲህ ማንጎ እሸጣለሁ። ዛሬም ሬዲዮውን ከዘጋሁ በኋላ ማንጎዬን ይዤ ገበያ ወጣሁ።