በአትላሱ ላይ ያልነበረችው ጊች

ልጅ እያለሁ ክረምት በመጣ ቁጥር የትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ይሰደዱ ነበር። የደባርቅን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ በር ሳያንኳኳ ይገባል። የመጻሕፍት ቤቱ ቆርቆሮ ስለሚያፈስ፣ የጂኦግራፊ መምህራችን ትምህርት ሲዘጋ መጻሕፍቱን ቤታቸው ደረቅ ለሆነ ተማሪዎች በአደራ ያከፋፍሉ ነበር። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነውና፣ ጨርቅ ያለበት ቤት እርጥበት አይገባውም ተብሎ አትላሱ ለእኔ ደረሰኝ። በካርታና በሥዕል የተሞላ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ትምህርት ቤቱ ያለው እሱን ብቻ ስለሆነ መምህራችን ቁርጡን ነግረውኛል፤ አንዲት ምልክት ከተገኘችበት የከርሞው አደራ ለሌላ ልጅ ይሆናል። እኔ ደግሞ ዓሣ ነባሪውን ከነውቅያኖሱ፣ ግመሉን ከነበረሃው ሳይ እራቴን የምረሳ ልጅ ነበርኩ። አትላሱን ማጣት ማሰብ እንኳ አልፈልግም ነበር።

በሱቃችን በር አጠገብ አያ ታደለ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደባርቅ በላይ፣ ተራራው ላይ ባለችው የጊች መንደር ገብስ ሲያርሱ ኖረው፣ ልጃቸው አርጅተዋል ብላ ደባርቅ ያወረደቻቸው ሽማግሌ ናቸው። ልጃቸው በደንብ ትጦራቸዋለች፤ አባቴም ያጫውታቸዋል። ከተማው ግን አልሆናቸውም። ዓይናቸው ሁልጊዜ ወደ ተራራው ነው። በክረምት ተራራውን ጉም ሲሸፍነው ጨዋታውንም ይተዉታል።

አንድ ቀን አትላሱን ገልጬ ሳይ ጠጋ አሉና እንደ ገበሬ ይመረምሩት ጀመር። ቡናማውን የታረሰ ማሳ፣ አረንጓዴውን ያልታረሰ መሬት አደረጉት። አረንጓዴውን ቆላ ሁሉ በጣታቸው እየዞሩ፣ ይህን የሚያህል አገር ጦሙን ሲያድር ባለቤቱ የት ሄዶ ነው እያሉ ከልባቸው አዘኑ። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ገላመጠኝና ሳቄን ዋጥኩ። ትንሽ ቆይተው ነው እንግዲህ ዋናውን ጥያቄ ያመጡት።

«ዘይነባ፣ ዓለሙ ሁሉ አለበት ካልሽ፣ ጊችስ አለች?»

ፈለግሁ። ጊች የለችም፤ ደባርቅ እንኳ የለችም። ከእኛ በኩል የተጻፈችው ጎንደር ብቻ ናት። ማንበብ ስለማይችሉ አለች ብዬ ላስደስታቸው ቃጥቶኝ ነበር፤ አባቴ ግን ልቤን አውቆ ኖሮ ያየሽውን ንገሪያቸው አለኝ። የለችም አልኳቸው።

«እንግዲህ እኔ ስሞት ማን ያውቃት» አሉና ወደ ውጭ ዞሩ።

ምን ብዬ ላጽናናቸው ስል የመምህሬ ትምህርት ትዝ አለኝ። ቡናማው እርሻ አይደለም፣ ደጋ ነው አልኳቸው፤ እየጠቆረ ሲሄድ ውርጭ ነው። አያ ታደለ ተመለሱ። ከጎንደር ስም ተነስተው ጣታቸውን ወደ ላይ እየጎተቱ ሄዱና በጣም የጠቆረችው ላይ ቆሙ። «በይ እንግዲያው እዚህ ናት» አሉ። ጣታቸው ላይ በቅቤ የታሸ የበሶ ጭብጦ ቅባት እንደነበረ ያየሁት ካነሱት በኋላ ነው። ቅባቱን ብጠርገው ባስጠርገው የሚለቅ አልሆነም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ግለጪ ይሉኝ ጀመር። በሩቅ አገር ጥቁር ቡናማ ባዩ ቁጥር፣ እነዚህንም ይበርዳቸው ይሆን፣ እነሱም ገብስ ይዘሩ ይሆን ብለው ይጠይቁኛል። መልሱን ስለማላውቅ መምህሬ ቤት ድረስ ጭቃውን እያቦካሁ ተመላለስኩ። ጂኦግራፊን የወደድኩት በዚያ ጭቃ ውስጥ ነው።

መስከረም ጠብቶ አትላሱን ስመልስ መምህሬ ቅባቱን አዩት። ይህ ምንድን ነው ቢሉኝ «ጊች ናት» አልኩና ነገሩን ከነጭብጦው ነገርኳቸው። ከዚያ መጽሐፍ ላይ ነጥብ አትጣሉ የሚሉን ሰው እስክሪብቷቸውን አወጡና ከቅባቱ ጎን በደቃቅ ፊደል «ጊች» ብለው ጻፉ። በከርሞው ክረምትም አትላሱ እኛ ቤት ገባ። አያ ታደለ ያችን አንዲት ቃል እያስነበቡኝ ጉሙን አሳለፉ።

ዛሬ ዳባት ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስልካቸውን ነካ ነካ አድርገው ጊችን በአንድ አፍታ ያወጡልኛል፤ እሰየው ነው፣ አይቅርባቸው። እኔ ግን ሳይዘጉት በፊት፣ እዚያ ያሉትን ሰዎች ይበርዳቸው ይሆን እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቆይተው መከራከር ይጀምራሉ። ያኔ አባቴን፣ መምህሬንና ነፍሳቸውን ይማርና አያ ታደለን በልቤ አመሰግናለሁ።

በቅርቡ ደባርቅ ሄጄ አትላሱን አስፈልጌ አየሁት። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ጎንደር የሚለው ጽሑፍም ደብዝዟል። ቅባቱና የመምህሬ ፊደል ግን እንዳሉ ናቸው። ጣቴን እዚያው ላይ አሳረፍኩና «አለች፣ አያ ታደለ» አልኩ።