ባለቤቴ የምትንበረከከው ለስልክ ነው

አሁን ከሥራ ስገባ ባለቤቴን መኝታ ቤት ወለሉ ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። ጸሎት ላይ መስላኝ በሩን ልመልሰው ስል አልጋው ላይ ስልኳን አየሁት። ለካ ካምፓላ ያሉትን እናቷን በቪዲዮ ሰላም እያለች ነው!

በእሷ አገር ሴት ልጅ ትልቅ ሰው ሰላም የምትለው ተንበርክካ ነው። ቤቴል ሰፈር፣ እናቴ ቤት መኖር የጀመርን ዕለት ልክ እንደዚያ አደረገች።

እናቴ ጴንጤ ናት። "ኧረ ተነሺ ልጄ! ጉልበት ለጌታ ብቻ ነው!" ብላ ጮኸች። እኔም ባለቤቴን "እዚህ ሰላም የሚባለው ቆሞ ነው" አልኳት።

ታክሲ አያያዝ አስተማርኩ፣ ሽሮ አስለመድኩ፣ ሰላምታ ላይ ወደቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ቆማ "እንደምን አደሩ" ትልና ቶሎ ትሸሻለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናቴ "ሚስትህ ምን በድያት ነው የቀዘቀዘችኝ?" አለችኝ።

ይህንኑ አሁን ለባለቤቴ ስነግራት አለቀሰች። "እናትህን ቆሜ ሰላም ባልኩ ቁጥር የሰደብኳቸው ይመስለኛል። ወደ ቤቴ ልሂድ" አለችኝ።

"ቤትሽ እዚህ ነው" ልላት ስል ተነስታ ወደ ቁምሳጥኑ ሄደች።

የውጭ አገር ሰው ያገባችሁ፣ እናንተ እንዴት ተወጣችሁት? እባካችሁ ቶሎ ጻፉልኝ፤ ሻንጣዋን ከቁምሳጥኑ ላይ እያወረደች ነው።