ቲቸር አሰገደችና የባኽ ፕሮጀክት

ቲቸር አሰገደች ቁጣዋ አፍንጫዋ ላይ ናት። ዲላ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ባጃጅ ነጂው ያውቃል፣ ባለ ሥጋ ቤቱ ያውቃል፣ ጎረቤቶቿማ ተዉት። ይቺ ሴት በባዶ ሜዳ ተቆጥታ እንደማታውቅ ግን ማንም አይነግራችሁም።

ፍስሐ ገነት ከተማ ተወልዳ አደገችና መምህራን ኮሌጅ ገባች። ሙዚቃ አስተማሪ ትሆናለሽ ተባለች። መምህሩ የአውሮፓን የሙዚቃ ሊቃውንት ስም ሰሌዳው ላይ ደረደረ፤ እነሱ ገለበጡ፣ ሸመደዱ፣ ተፈተኑ። አሰገደች ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። የአንዳቸውንም ሙዚቃ ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልሰማችም። «ሳልሰማ እኮ ነው! ጆሮዬ ሳይሰማ የሙዚቃ አስተማሪ አሉኝ!» ስትል እስከ ዛሬ ፊቷ ይቀላል። ወርቃ ከተማ ጥቂት ዓመት አስተማረችና ዲላ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተቀጠረች። እዚያ አንድ ኪቦርድ አለ። ኪቦርዱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ጨርቅ ለብሶ ይኖራል፤ እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል፣ እንግዳው ሲሄድ ይሸፈናል። እንግዲህ አትቆጣ በሏት!

በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ለአምስተኛ ክፍል ልጆች ፕሮጀክት ሰጠች። እያንዳንዱ ልጅ አንድ የጥንት የሙዚቃ ደራሲ ይመርጣል፣ ታሪኩን ያጠናል፣ ሙዚቃውን ሰምቶ የተሰማውን ይጽፋል። ከሁሉ የተሻለው በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ይነበባል። ሙዚቃዎቹን ሞባይሏ ላይ አስጭና፣ ስልኩን ባዶ ጣሳ ውስጥ ከትታ ድምፁን እያጎላች ታሰማቸዋለች። ቤተ መጻሕፍት ይዛቸው ትገባለች፤ ከመዝገበ ቃላት ጋር ታታግላቸዋለች። «በገዛ እጃችሁ፣ በገዛ ቃላችሁ ጻፉ! ያልገባችሁን ደግሞ አልገባኝም ብላችሁ ጻፉ፤ አያሳፍርም!» አለቻቸው።

የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ጉድ በሉ! ጠረጴዛዋ ላይ የተከመረው ሁሉ በኮምፒውተር የተተየበ፣ በላስቲክ ሽፋን የተጠረዘ ነው። አንዱን ገለጠች፦ ቪቫልዲ በስተመጨረሻ ጆሮው መስማት ተሳነው ይላል። ሁለተኛውን ገለጠች፦ ሃይድንም ጆሮው መስማት ተሳነው። ሾፓንም እንደዚያው! አንድ ሰው የቤትሆቨንን ታሪክ ይዞ፣ ስም ብቻ እየለወጠ፣ ለክፍሉ ሁሉ አትሟል። የዚያን ሳምንት አውሮፓ ውስጥ ጆሮ የተረፈው ሰው አልነበረም።

ደሟ ፈላ። ከረጢቷን ሳታነሳ፣ ፕሮጀክቶቹን ታቅፋ፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የሙሐመድኑር ኮምፒውተር ቤት ገባች።

«አንተ ሙሐመድኑር! ሾፓንን ማነው መስማት የከለከለው?»

«እንዴ ቲቸር፣ ማነው ሾፓን?»

«አታውቀውም አይደል? ታሪኩን ግን ጽፈሃል!»

ሙሐመድኑር ከማተሚያው ቀና አለ። «ወላጅ መጥቶ ለልጄ ፕሮጀክት ሥራልኝ ይለኛል፣ እሠራለሁ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ ቲቸር፤ ትምህርት ሚኒስቴር አይደለሁም።»

«ለሒባስ? ለገዛ ልጅህስ?»

«ለሒባማ በከለር ነው ያተምኩት!» አለ፣ ዐይኑን በጨው ታጥቦ። እንዲያውም ኮራ አለ።

«ቀማሃት እኮ! ልጅህን ቀማሃት! ነገ ደግሞ ብላላት፣ ተኛላት! የልጅን ሥራ የሚሠራ ሰው ሌባ ነው፣ ሰምተሃል?» እሱ ብቻ አይደለም፣ መንገዱ ሁሉ ሰማ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሞተር አጥፍተው አዳመጡ።

ተመልሳ ስታገላብጥ ከዚያ ሁሉ ክምር አንድ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ወጣ። የኤልቤቴል ነው። ኤልቤቴል ዝምተኛ ልጅ ናት፤ እናቷ ሙሉነሽ ቡና መጋዘን ለቀማ ትሠራለች። ባኽን የመረጠችው ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይደርስ ነበር ሲባል ሰምታ ነው። ቤተ መጻሕፍት ያለውን ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በየዕረፍቱ እየገለጠች፣ ቃል በቃል እየፈታች የጻፈችው እንዲህ ይላል፦

«ዮሐን የአቶ ሴባስቲያን ልጅ ነው። አያቱ ባኽ ይባላሉ። ዮሐን አሥር ዓመት ሳይሞላው እናቱም አባቱም ሞቱበት። ታላቅ ወንድሙ ወስዶ አሳደገው። ወንድሙም ዮሐን ነው ስሙ። አንድ እናት ለሁለት ልጆች አንድ ስም ለምን እንዳወጣች አልገባኝም። ሙዚቃውን ስሰማ ብዙ ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያወሩ ይመስለኛል። ማንም ማንንም አያቋርጥም።»

አሰገደች ሁለቴ አነበበችው። ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። እንዴት አትሳሳት! እኛ ዘንድ ሰው ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ነው የሚጠራው፤ ልጅቷ ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ የሚለውን አይታ ጀርመኑንም እንደ ዲላ ሰው ቆጥራ አባትና አያት አገኘችለት። ስህተት ነው፤ ግን የራሷ ስህተት ነው፣ አስባበት የደረሰችበት። «መድረክ ላይ የምትወጣው ይቺ ናት!» ብላ ወረቀቱን ከነክምሩ ይዛ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሮጠች።

ዳይሬክተሩ አቶ ታረቀኝ ወረቀቱን በሁለት ጣት ያዘው። «በእርሳስ?»

«አዎ፣ በእርሳስ!»

«ነገ ለወላጆች ቀን ከዞን ትምህርት መምሪያ እንግዶች ይመጣሉ እኮ አሰገደች። አቶ ሴባስቲያን ይላል። አልገባኝም ይላል! ክፍያ የምናስከፍል ትምህርት ቤት ነን፤ አልገባኝም ብሎ የሚያነብ ልጅ መድረክ ላይ አላወጣም። የሙሐመድኑር ልጅ ሥራ ያምራል፣ እሱ ይነበብ።»

«እሱ እኮ የሒባ አይደለም! የአባቷ ነው!»

«ያምራል አልኩሽ። ካልሆነ ይሄን ለነገ ጠዋት አስተካክለሽ አምጪ።»

በሩን ወርውራው ወጣች። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ የመምህራን ክፍሉ ባዶ ነው። ቆሽቷ እርር ብሎ፣ ለራሷ እያጉረመረመች ተቀመጠች። «ያምራል! ማማር እኔ አሳየዋለሁ! ነገ ኤልቤቴል ካልወጣች እኔ አሰገደች አይደለሁም!» ነጭ ወረቀት አወጣች፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣች። አቶ ሴባስቲያንን አስወጣችው። አያትየውን ሰረዘች። የሁለቱን ዮሐኖች ነገር ዘለለችው። የሚቀባበሉትን ሰዎች በኮሌጅ ቋንቋ ጻፈቻቸው፣ የተወለደበትን ከተማ ጨመረች፣ ርእሱን አሰመረችበት። እጇ ቆንጆ ነው፤ ደስም አላት። የእርሳሱን ወረቀት ማንም አይቶ እንዳይስቅባት ብላ አራት ቦታ ቀደደችና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

በማግስቱ ግቢው ሞላ። ሙሉነሽ ከለቀማ ፈቃድ ጠይቃ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሙሐመድኑር ሒባን ይዞ ከኋላ ቆሟል። አቶ ታረቀኝ የተስተካከለውን ጠዋት አይቶ ወዶታል፤ ማይኩን ይዞ የኤልቤቴልን ስም ጠራ። አሰገደች ልጅቷን መድረኩ ጥግ ላይ ያዘቻትና ወረቀቱን እጇ ውስጥ አስገባች።

ኤልቤቴል አየችው። አገላበጠችው። «ቲቸር፣ ይሄ የማነው?»

«ያንቺ ነው፣ ትንሽ አስተካክዬው ነው። ሂጂ አንብቢ!»

«የእኔስ?»

«ይሄ ይሻላል አልኩሽ! ስምሽ ተጠርቷል፣ ሰው ይጠብቃል!»

«የእኔስ የት አለ፣ ቲቸር?»

«ቀደድኩት! በቃ፣ ሂጂ!» አለች አሰገደች፤ ያቺ ለዳይሬክተሩ ያሰናዳቻት ቁጣ ልጅቷ ላይ ወረደች።

ኤልቤቴል ወጣች። ማይኩ ከፍ ብሎባት አቶ ታረቀኝ ዝቅ አደረገላት። የዞኑ እንግዶች ፈገግ አሉላት። ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው እንጂ አልገለጠችውም።

«ይሄን የጻፉት ቲቸር አሰገደች ናቸው» አለች። «የእኔን ቀደውታል።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መውረድ ጀመረች።

አቶ ታረቀኝ «እህ... እንግዲህ ቀጣዩ ተማሪ...» እያለ ላብ አጠመቀው። ሙሉነሽ ማንን እንደምትጠይቅ ግራ ገብቷት ግማሽ ተነስታ ቀረች። አሰገደች ያየችው ግን ሙሐመድኑርን ነው። ምነው በሳቀብኝ አለች በልቧ፤ ምነው እዚህ ሰው ሁሉ ፊት ሌባ ብሎ በጮኸብኝ! ሰውየው አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል፣ የሒባን እጅ ይዞ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መቆጣት ፈልጋ የምትቆጣው ሰው አጣች። ከራሷ በቀር ማን አለና! ራሷ ላይ ደግሞ እንዴት እንደሚጮኽ አታውቅበትም።

ኤልቤቴል አጠገቧ ስትደርስ ክንዷን ያዘቻት። «እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው» አለቻት። «ስህተት ነበረበት፣ እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው፣ ገባሽ?»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ ያለው ንዴት ነው። ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«ስህተቱን ቢነግሩኝ እኮ፣ ቲቸር፣ እኔው አስተካክለው ነበር» አለችና እናቷ ወደተቀመጠችበት ሄደች።