ጽጌ ያልዋጠቻቸው ኪኒኖች

መጀመሪያ የመጣው ብርድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ከህንድ በተመለስን በአራተኛው ቀን፣ ባለቤቴ ጽጌ ሐበሻ በሚበዛበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለችው የልብስ ስፌት ሱቋ ውስጥ አንዲት ሙሽራ እየለካች ነበር። መኪናዬን ከኋላ ፓርክ አድርጌ ስገባ ሜትሩን ጥላ ክንዶቿን ስታሻሽ አገኘኋት። «በረደኝ» አለችኝ። ውጭ ሰው በካናቴራ ይሄዳል። ለሙሽራዋ የተዘጋጀውን ነጠላ አንስታ ትከሻዋ ላይ ደረበች። ከዚያ ጥርሷ ይንገጫገጭ ጀመር።

ያን መንገጫገጭ አውቀዋለሁ። ያደግሁት አዋሽ ዳር፣ ክረምት በወጣ ቁጥር ወባ ቤት ለቤት በምትዞርበት ቆላ ነው። እናቴ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባብኝ እንኳ አልጋው ከእኔ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ የሕመሙ ስም ወዲያው አፌ ላይ መጣ። ግን አልጠራሁትም። «የጉዞ ድካም ነው፤ እንቅልፍሽ ተዛብቶ ነው» ብዬ ሃውቶርን ወዳለው ቤታችን ይዣት ሄድኩ።

ለምን እንዳልጠራሁት ለመናገር ወደ ጉዞው መመለስ አለብኝ።

ጉዞውን ያሰናዳችልን በርባንክ ከተማ የምትሠራው ልጃችን ሜሮን ናት። ሠላሳ አምስተኛ የጋብቻ ዓመታችን ስለነበር፣ እሷና ባሏ ዮናስ እኛን ይዘው አሥራ ሰባት ቀን ህንድን ሊያዞሩን ተነሱ፤ ያውም በቀድሞ የንጉሥ ቤት ሆቴሎችና በቅንጦት ባቡር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ከኤርፖርት ወደ ሆቴል መንገደኛ ያመላለስኩ ሾፌር ነኝ። ወገቤን የጎዳው የሰው ሻንጣ ነው። ዴልሂ ስንደርስ ግን ጥምጣም የጠመጠመ ሰው ጎንበስ ብሎ የእኔን ሻንጣ ተቀበለኝ፤ ሌላው አንገቴ ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቀልኝ። አልዋሽም፣ ልቤ አበጠ።

ከዴልሂ ቀጥለን ነብር ወደሚታይበት የመካከለኛው ህንድ ጫካ ሄድን። ማረፊያውን ድንኳን ይሉታል እንጂ መታጠቢያ ገንዳው እብነ በረድ ነው። ሜሮን ከመነሳታችን በፊት ለሁላችንም የወባ መከላከያ አስጽፋልን ነበር፤ አቶቫኩዎን-ፕሮጓኒል የሚባል፣ በቀን አንድ፣ ከምግብ ጋር፣ ከጫካው ከወጡም በኋላ ሰባት ቀን የሚዋጥ። እኔ ከመጀመሪያውም አልወሰድኩትም። ጽጌ ወሰደች፤ ግን በባዶ ሆድ ስለምትውጠው ያቅለሸልሻት ጀመር። በጫካው ሁለተኛ ቀን ቁርሷን ሳትቀምስ ሳህኑን ገፋችው።

«ተይው» አልኳት። «እኔ የወባ አገር ልጅ ነኝ፤ ወባን አውቃታለሁ። እዚህ ቤት እንኳን ትንኝ ዝንብም አትገባም።»

«ለሜሮን ልንገራት?»

«ምን ያደርግልሻል? ቅር ይላታል። ይልቅ ብዪ፣ ተደሰቺ።»

ጽጌ ተወልዳ ያደገችው ጉለሌ ነው። በሕይወቷ ወባ ይዟት አያውቅም፤ ይህን እኔ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እኔም ብሆን ከቆላ ከወጣሁ አርባ ዓመት አልፎኛል። የልጅነት የመቋቋም አቅም ከጥቂት ዓመት በኋላ ከሰው እንደሚለቅ የሰማሁት ሁሉም ነገር ከሆነ በኋላ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በረንዳው ላይ ክንዷን ገልጣ ሻይ ስትጠጣ «አትንቀሳቀሺ» እያልኩ ፎቶ ያነሳኋትም እኔ ነኝ። እኔን አልያዘኝም። ከሁሉ የሚከብደኝ አንዳንዴ ይሄ ነው።

ብርዱ በያዛት ማግስት፣ ረቡዕ፣ ትኩሳቷ በፋራናይት መቶ ሦስት፣ በሴንቲግሬድ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ገደማ፣ ደረሰ። ቤታችን አጠገብ ወዳለ፣ ያለ ቀጠሮ ወደሚታከሙበት ኧርጀንት ኬር ክሊኒክ ወሰድኳት። ያን ሰሞን ቴሌቪዥኑ የሚያወራው ስለ ኢቦላ ብቻ ነበር። በሩ ላይ «በቅርቡ ወደ አፍሪካ ሄደዋል?» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የምትመዘግበው ልጅ የትውልድ አገራችንን ጠይቃ «ኢትዮጵያ» ስላት ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። ጭምብል አቀበለችን። አጠገባችን የነበረች እናት ልጇን ይዛ ተነሳች። ጽጌ አንገቷን ደፋች። እኔ በገንኩ።

ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር፤ ሳይቸኩል ጠየቀን። ህንድ እንደነበርን ነገርኩት።

«የወባ መከላከያ ወስደዋል?»

«ሁሉንም፣ በሥርዓቱ ወስዳለች» አልኩ። «ያረፍነው ደግሞ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ነው።»

ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ።

በሽታ ከሩቅ ያመጣን፣ መድኃኒት በአግባቡ መዋጥ የማናውቅ ሰዎች ሆነን መታየት አልፈለግሁም። ምክንያቴ ይሄው ነው፤ ይቅር የሚያሰኝ አይደለም። ሐኪሙ መከላከያውን በትክክል ከወሰደች ወባ የመሆኑ ዕድል ጠባብ ነው አለ፤ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም ብሎ የትኩሳት ማስታገሻ አዘዘላት። «ከባሰባት ግን ሳይዘገዩ ሆስፒታል ኢመርጀንሲ ይውሰዷት» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ትኩሳቱ ወረደ። ሾርባ ጠጣች። ውሸቴ የተሠረዘልኝ መሰለኝ። ወባ ለቀቀ ሲሉት እንደሚመለስ ከልጅነቴ አውቃለሁ። አውቃለሁ፤ ማወቅ ግን አልፈለግሁም።

ዓርብ አስታወከች። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆነ። ሽንቷ ጠቆረ። ስጠራት በሞተው ወንድሟ ስም ጠራችኝ። አምቡላንስ ጠራሁ። ለሜሮን ደወልኩ። ኢመርጀንሲ ገብታ ብዙ ሳትቆይ ሰውነቷ ግትር አለ። ከዚያ ተንዘፈዘፈች። እኔ ግድግዳው ላይ ተጣብቄ ቆምኩ።

አንዲት ጠና ያለች ሐኪም ጽጌ ላይ እንዳጎነበሰች ጠየቀች። «የት ነበረች? የወባ መከላከያ ወስዳለች?»

ሜሮን ቀደመችኝ። «የስ፣ በየቀኑ። እኔ ነኝ ያመጣሁላቸው፤ አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ።»

ዝም ብል ልጄ ሳታውቅ የእኔን ውሸት በአፏ ትሸከማለች።

«አልወሰደችም» አልኩ። «ሦስት ብቻ ነው የዋጠችው። ተይው ያልኳት እኔ ነኝ። ረቡዕም ለሐኪም ዋሽቻለሁ።»

ሐኪሟ አላፈጠጠችብኝም። ወደ ነርሷ ዞራ ደም ተቀድቶ ለወባ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ አዘዘች፤ «አሁኑኑ» አለች። ሜሮን ግን አየችኝ። በኋላ ሐኪሟን ስጠይቃት፣ የእኔ ቃል ባይኖርም ምርመራውን ታዝ እንደነበር ነገረችኝ። «ረቡዕ ዕለት ቢታወቅ ግን» አለችኝ፣ «ምናልባት የሚዋጥ መድኃኒት ይበቃት ነበር።»

ውጤቱ መጣ። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም፤ ከወባ ዓይነቶች ገዳዩ። ከመቶው የቀይ ደም ሕዋሷ አሥራ አራቱ ተይዟል።

«ሴሬብራል ማላሪያ ነው፤ አንጎሏን ነክቷል» አለች ሐኪሟ። «ኩላሊቷም እየደከመ ነው። አልደብቅዎትም፤ ልናጣት እንችላለን።»

ኩዊኒዲን የሚባል መድኃኒት በደም ሥሯ ተጀመረላት። የተሻለው፣ አርቴሱኔት የሚባለው፣ በሆስፒታሉ አልነበረም፤ በመንግሥት በኩል ተጠይቆ በኤርፖርት በኩል መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ በተመላለስኩበት ኤርፖርት ማለት ነው። መተንፈሻ ቱቦ ገባላት። ዲያሊሲስ፣ የኩላሊት እጥበቱ፣ ተጀመረ። አምስት ቀን ዓይኗን አልገለጠችም። ሜሮን ከአልጋው ማዶ ተቀመጠች፣ እኔ ወዲህ። ዮናስ ምግብ እያመጣ በመካከላችን ያስቀምጥ ነበር። ማንም አይነካውም።

በሦስተኛው ቀን ሜሮን ተናገረች።

«አባዬ፣ ሐሙስ በስልክ ምን እንዳልኩህ ታስታውሳለህ? 'እኔ ነኝ ያሳመምኳት፣ ምነው ባልወሰድኳችሁ' አላልኩህም? ዝም አልከኝ። እያለቀስኩ ዝም አልከኝ።»

አስታውሳለሁ።

በስድስተኛው ቀን ቱቦው ወጣላት። ድምጿ ሰልሎ ነበር። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። «የሙሽራዋ ቀሚስስ?» አለችኝ። ሜሮን አልጋውን ዞራ መጥታ ትከሻዬ ላይ ወደቀች፤ አብረን አለቀስን። ቀሚሱን አብራት የምትሠራው አልማዝ ጨርሳ፣ ሙሽራዋም ለብሳው ተድራ ነበር።

ትንሽ ስትበረታ ሁሉንም ነገርኳት፤ ምክንያቱም ከዴልሂ ወዲያ ያለውን፣ ጫካውንም፣ ቁርሱንም፣ ክሊኒኩንም አእምሮዋ አልያዘውም ነበር፣ ዛሬም አልያዘውም። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ያቅለሸለሸኝ እኔን ነው፤ ኪኒኑንም የተውኩት በገዛ እጄ ነው። እሱን እንካፈለዋለን» አለችኝ። «ለሐኪሙ ስትዋሽ ግን ያስያዝከው የእኔን ነፍስ ነው።»

ይቅር ያለችኝ ወራት ቆይታ ነው። አላስቸኮልኳትም።

ማገገሙ ረጅም ነበር። ኩላሊቷ ከሦስት ሳምንት ዲያሊሲስ በኋላ ሥራውን ጀመረ፤ እግሯ ግን እንደ ሕፃን እንደገና መራመድ መማር ነበረበት፤ ስለዚህ በየጠዋቱ ድራይቭ አድርጌ ፌርፋክስ አደርሳትና በመደገፊያዋ ከሱቋ በር እስከ ጥጉ፣ ከጥጉ እስከ ሱቋ በር እንሄዳለን፤ ከምግብ ቤቶቹ የሚወጡት ሰዎች «እትዬ ጽጌ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት!» እያሉ ስለሚያስቆሟት መንገዱ ሁለት እጥፍ ይረዝማል፤ እሷ ሰው በማየቷ ደስ ይላታል፣ እኔ ደግሞ ሲያመሰግኑኝ መሬት መሬት አያለሁ። «ጋሽ ታደሰ፣ እንዴት ያለ አስታማሚ ነዎት!» ይሉኛል።

እጇ ላይ የቀረው መንቀጥቀጥ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቴራፒስቷ ለስላሳ ሊጥ የመሰለ ነገር እያስጨመቀች፣ ቁልፍ እያስቆለፈች ወራት ለፍታለች፤ ማንኪያና ብዕር ተመልሰዋል፤ ጥልፍ ግን አልተመለሰም። ድሮ በአንድ ቀን የምትጨርሰውን የአንገት ጥልፍ አሁን በቃል እየመራች አልማዝ ትሠራዋለች። አንዳንዴ መርፌውን ተቀብላት ትሞክርና ክሩ ሲጠማዘዝባት ትመልስላታለች። እኔ ያን ጊዜ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

በፋሲካ ማግስት ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ምስክርነት እንድሰጥ ተጠራሁ። ጌታ ከሞት አፍ እንዳወጣት ተናገርኩ፤ እውነት ነው፣ አምናለሁ። ሕዝቡ በእልልታ አመሰገነ። ኪኒኑን ግን ዘለልኩት፤ ክሊኒኩንም ዘለልኩት። ወደ ወንበሬ ስመለስ ጽጌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ግማሹን ነው የተናገርከው» አለችኝ። የቀረውን ግማሽ እነሆ ጻፍኩት፤ ረቂቁን ያነበበችው እሷ ናት፤ ሜሮንም ታውቃለች።

ያቺን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ ሳትፈርድብኝ ስለሠራች። አይሲዩ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ፣ የጽጌን ፀጉር ላበጠሩት ነርሶች፣ ሱቁን ላልዘጋችው አልማዝ፣ ከእኔ ጋር መነጋገር ሲከብዳት እንኳ ከእናቷ አጠገብ ላልተለየችው ልጄ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ዮናስንም፣ ስላላነሳነው ምግብ።

ለእናንተ የምለው ይሄ ነው። ወባ ወዳለበት አገር ስትሄዱ፣ የሆቴሉ ደረጃ ትንኝን አይመልስም። ቆላ ማደጋችሁም አይመልስም። ኪኒኑ ካቅለሸለሻችሁ ከምግብ ጋር ሞክሩት፤ ካልሆነ ለሐኪም ደውላችሁ ሌላ አስለውጡ እንጂ አትተዉት። ከተመለሳችሁ በኋላ፣ ወራት ቢያልፍም እንኳ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ የት እንደነበራችሁ ተናገሩና ደማችሁ ለወባ እንዲታይ ጠይቁ። ወንበሯን ወደ ኋላ የምትስብ ልጅ ታጋጥማችሁ ይሆናል። ትሳብ። እናንተ እውነቱን ንገሯቸው፤ ያልዋጣችሁትንም ጭምር። አስታማሚ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ታማሚው መናገር ባቃተው ሰዓት አፋችሁ የእናንተ አይደለም፤ የእሱ ነው።