ያረጀውን የሚጠርገው አዲስ ቨርዥን

እናቴ “አንቺ እኮ ያልዘነበ ዝናብ ያበሰብስሻል” ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ፈሪ ነኝ። ሥራዬም ፍርሃቴን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንስልኝም። የካ ሚካኤል አካባቢ ባለ አንድ የግል የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ፣ የታካሚዎች ውጤት የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ ሰርቨር የምጠብቀው እኔ ነኝ። ሰርቨሩ ደህና ሲሆን መኖሬን የሚያስታውስ የለም፤ ሲታመም ግን ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ ስሜን የማይጠራ የለም።

የሰርቨሩ አዲስ ቨርዥን ወጣ ሲባል፣ ምን እንደተጨመረበት የሚያብራራውን ጽሑፍ ወደ ሥራ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ በስልኬ አነበብኩት። ፍለጋው ፈጥኗል፣ ባክአፑ፣ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፣ የይለፍ ቃሉም ጠበቅ ተደርጓል። ይሄ ሁሉ ደስ አሰኝቶኛል። አንዱን ግን ሁለቴ አነበብኩት፤ ሰርቨሩ ያረጀ መረጃን ራሱ እየለየ ይሰርዛል። ስንት ዓመት ያለፈው “ያረጀ” እንደሚባል ብቻ ንገሩት፣ የቀረውን ለእሱ ተዉለት ይላል። ለእሱ ተዉለት የሚባል ነገር ድሮም አልወድም።

ሥራ አስኪያጃችን የወደደው ግን እሱኑ ነው።

“ስቶሬጅ ሞላ ብለሽ የምታለቅሺው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ሰባት ዓመት ያለፈውን ይጥረገው። ሰባት ዓመት ሙሉ ውጤቱን ያልጠየቀ ሰው አሁን ምን ሊያደርግለት ነው?”

“መጀመሪያ ትንሽ ልሞክረው” አልኩት።

“አንቺ ደግሞ! ላንቺ ሁሉም ነገር ሪስክ ነው። አፕግሬድ ስታደርጊ አብረሽ አብሪው፣ በቃ።”

ሳይቸግር ጤፍ ብድር አልኩ በሆዴ። አርብ ከሰዓት በኋላ ባክአፕ ወሰድኩ፣ አዲሱን ጫንኩ፣ መጥረጊያውንም እንደታዘዝኩት አበራሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የእንጦጦ ጉም ገና ሳይገፈፍ ቢሮ ገባሁ። ሁሉም ነገር ይሠራል። ሻይ ላዝዝ ስል ከመቀበያው ጠሩኝ። አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ቆመዋል። ከሰሜን በአውቶቡስ መጥተው፣ ላምበረት ወርደው፣ ኮተቤ ልጃቸው ቤት ነው ያደሩት። ባለቤታቸው በዚህ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ኮተቤ ባለችው ትንሿ ቅርንጫፋችን ለኩላሊት ምርመራ ደም ሰጥተዋል። ሐኪማቸው ሦስቱንም ውጤት ጎን ለጎን ካላየሁ አልወስንም ብሏቸዋል፤ እሱ ደግሞ የሚቆየው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። የባለቤታቸውን ስም ስንፈልግ ግን እንዲህ የሚባል ታካሚ የለም ይላል።

“ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ ብለውን ነው እኮ ወረቀቱን አገር ቤት ትተነው የመጣነው” አሉኝ ሽማግሌው።

የሌላ የኮተቤ ታካሚ ስም ጻፍኩ፤ የለም። ደግሞ ሌላ፤ የለም። እዚህ ዋናው ቢሮ የተመዘገቡት ግን ሁሉም አሉ። ያኔ ገባኝ። እዚህ ቀኑን የሚሞላው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ኮተቤ ቅርንጫፍ የሚሠሩት ልጆች ግን ከታካሚው ካርድ ላይ እያዩ በእጃቸው ነው የሚያስገቡት፤ ካርዱ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ታካሚውም ሐኪሙም የሚያነበው በእኛው ስለሆነ እስከዛሬ ማንም አልተቸገረም። ሰርቨሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ብቻ ነው። በእሱ ቤት፣ ባለፈው ወር የተቀዳ ደም ሰባት ዓመት አልፎታል። የኮተቤን ሰው በሙሉ ጠርጎ ጥሎታል።

የፈሩት ይደርሳል፤ ደረሰ። መጥረጊያውን አጠፋሁና ሥራ አስኪያጁ ጋር ደወልኩ። የሆነውን ነገርኩት። “ሰው ሰምቷል?” አለኝ።

“ሰውማ ውጭ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።”

የቀረኝ የአርቡ ባክአፕ ብቻ ነበር። ባክአፕ ደግሞ እስኪመለስ ድረስ የሚታመን ነገር አይደለም፤ አለ ብለው ተመክተው፣ ሲከፍቱት ተበላሽቶ ያገኙት የሙያ ጓደኞች አሉኝ። በሌላ ማሽን ላይ መመለስ ጀመርኩ። የስክሪኑ መስመር ቀስ እያለ ይሞላል፤ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። መሐል ላይ መብራት ሄደ። ማሽኑን የያዘው ባትሪ ይጮህ ጀመር። በመስኮት ብቅ ብዬ ለዘበኛው “ጄኔሬተሩን! ቶሎ በሉ!” ስል ድምፄን ራሴም አላወቅኩትም። ባትሪው ሳይሞት ጄኔሬተሩ ተነሳ።

ጩኸቴን ሰምተው ነው መሰለኝ ሽማግሌው በሩ ላይ ብቅ አሉ።

“ልጄ፣ ጠፋ እንዴ?”

“አልጠፋም አባቴ፣ እየፈለግኩት ነው።”

“በይ እንግዲህ ቀስ ብለሽ ፈልጊው። ምነው እንዲህ ተርበተበትሽ? ፈላጊ ካለው ነገሩ የት ይሄዳል?”

እሳቸው እኔን ሲያጽናኑ የባሰ አፈርኩ። ወጥተው ሲሄዱ እንባዬ መጣ።

አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ መስመሩ ሞላ። የባለቤታቸውን ስም ጻፍኩ። አለ! ሦስቱም አለ። ከወንበሬ ተነስቼ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ፕሪንት አድርጌ እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ቁጥሮቹን ያየሁት ኮሪደሩ ላይ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን እዚህ ቤት ስሠራ የትኛው ቁጥር ከፍ ማለት እንደሌለበት አውቄያለሁ። የመጀመሪያው ከፍ ያለ ነው። ሁለተኛው ከእሱ ይብሳል። ሦስተኛውን ሳይ እርምጃዬ ተያዘ።

ሽማግሌው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ሳሙት።

“ተመስገን! አላልኩሽም? እግዜር ዕድሜ ይስጥሽ ልጄ፣ ከክፉ ይሰውርሽ!”

ጠዋቱን ሙሉ እንዲገኝ ብቻ ነበር የለመንኩት፤ ምን ሆኖ እንዲገኝ አልለመንኩም። ምርቃቱን አሜን ማለት አቃተኝ።

እስከዚያ ትንፍሽ ያላሉት ባለቤታቸው፣ ሰውዬው በሩን ሊከፍቱ ቀደም ሲሉ ጠጋ አሉኝ።

“ልጄ፣ ደግ ነው የሚለው?”

“ሐኪሙ ያነብልዎታል እናቴ። ሳይወጣ ይድረሱበት።”

ፊቴን ትንሽ ጊዜ አዩት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ለእሳቸው እንዳትነግሪብኝ” አሉኝ።